ካዝና ውስጥ የሚዝግ ጠመንጃ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ድሮ ጠመንጃዎች አያያዝ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ነው ይህን የምጽፈው። ጉዳዩ መነሳቱ ደግ ነው፤ በአማርኛ ስለ ጠመንጃ ጀብዱ እንጂ ስለ ጠመንጃ ብረት የሚጻፍ እምብዛም የለም። ይሁንና የጽሑፉ ምክር ሲጠቃለል «ዘይት ቀቡት፣ በጨርቅ ጠቅልሉት፣ ካዝና ውስጥ ቆልፉበት» የሚል ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ክፉ አይመስልም። ሦስቱን ባንድነት ፈጽሞ ካዝናውን ከዓመት በኋላ የከፈተ ሰው ግን ጨርቁን ከበርሜሉ ላይ እየላጠ ያነሳል፤ ከሥሩም ቡናማ ዱቄት ያገኛል። ሌባ አልነካው፣ እሳት አልደረሰበት፤ የበላው ውሃ ነው። ጽሑፋችሁ ስለ ሌባና ስለ እሳት ብዙ ብሎ ስለ ውሃ ምንም ስላላለ ያንን ልሙላ።

ከዘይቱ ልጀምር። እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ፣ በአንዳንድ አገሮችም ከዚያ ብዙ ዓመት በኋላ፣ የተሠራው ወታደራዊ ጥይት በአብዛኛው ካፕሱሉ ውስጥ፣ ማለት ሲመታ ባሩዱን በሚለኩሰው የጥይቱ ቂጥ ላይ ባለው ቁራጭ ውስጥ፣ ፖታሲየም ክሎሬት የሚባል ኬሚካል አለበት። ጥይቱ ሲተኮስ ይህ ወደ ፖታሲየም ክሎራይድ ይለወጣል፤ የገበታ ጨው የቅርብ ዘመድ ነው። እንደ ጨው ሁሉ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። በዓይን የማይታይ ስስ የጨው ሽፋን በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ላዩ ላይ ዘይት ቢቀባ፣ ዘይት ጨው አያሟሟምና ጨው ከሥር ሥራውን ይቀጥላል። ቤንዚንም ነጭ ጋዝም ያው ናቸው። የሚያሟሟው ውሃ ነው። ነገሩ እንግዳ ቢመስልም፣ ከውሃ የሚጠበቀው ጠመንጃ መጀመሪያ የሚታጠበው በውሃ ነው።

የሚታጠበውም በተተኮሰበት ዕለት፣ ሳያድር ነው። ጠመንጃው አለመጉረሱ በዓይንም በጣትም ይረጋገጣል፤ ከዚያ ቦልቱ፣ ጥይቱን አጉርሶ ከኋላ የሚዘጋው ተንሸራታች ብረት፣ ይወጣል። አፈሙዙ ወደ ታች ዘንበል ይልና ከጉሮሮው በኩል፣ ማለት ጥይት በሚገባበት፣ በቀጭን ጎማ ቱቦ ግማሽ ሊትር ያህል የፈላ ውሃ ይለቀቅበታል። የፈላ መሆኑ ለሁለት ነገር ይጠቅማል፤ ጨውን ቶሎ ያሟሟል፣ በርሜሉም ስለሚግል ራሱን ያደርቃል። ቱቦው የተፈለገው ውሃው ከእንጨቱ ሥር እንዳይገባ ነው፤ በማንቆርቆሪያ በቀጥታ የሚያፈስ ሰው ግማሹን ውሃ በብረቱና በእንጨቱ መካከል ያስቀረዋል። የቦልቱ ፊትና ቀለህ የሚነቅለው ጥፍር በዚያው ውሃ ይታጠባሉ። በተኩሱ ጋዝ የሚሠሩት፣ እንደ ሶቪየቱ ኤስኬኤስ ጠመንጃ ያሉት፣ የጋዝ ቱቧቸውና ፒስተናቸው ካልታጠበ ሥራው ግማሽ ነው። በርሜሉ እንደ መስተዋት እያበራ ፒስተኑ ቱቦው ውስጥ ዝጎ የተጣበቀ ኤስኬኤስ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ጨርቁ ደረቅ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ይወለወልና ዘይት ይነካል። በማግስቱ አንድ ነጭ ጨርቅ በዘንጉ ይለፍበት፤ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ጨርቁ ቡናማ ይዞ ከወጣ ጨው ቀርቷል፣ እጥበቱ ይደገማል።

ዘንጉ ሁልጊዜ ከጉሮሮው በኩል ቢገባ ይመረጣል። ከአፈሙዝ በኩል የሚገባ የብረት ዘንግ በጊዜ ብዛት የአፈሙዙን ጠርዝ ወደ አንድ ወገን ይበላዋል፤ ጥይቱ በርሜሉን ለቅቆ ሲወጣ መጨረሻ የሚነካው ያ ጠርዝ ስለሆነ፣ ጉዳቱ ከመሃል በርሜሉ ጭረት ይልቅ ዒላማ ላይ ይታያል። ከኋላ የማይከፈቱት፣ እንደ አሜሪካው ጋራንድ ያሉት፣ በአፈሙዝ መወልወላቸው ግድ ነውና ዘንጉን መሃል ለመሃል የሚይዝ የነሐስ ቀለበት ይደረግላቸው።

በጥቁር ባሩድ የሚተኩሱትም ይታጠባሉ። እኛ ውጅግራ የምንለው የፈረንሳዩ ግራ፣ የ1874ቱ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ 11 ሚሊሜትር የሆነው አንድ ጎራሽ፣ የዚህ ወገን ነው። የጥቁር ባሩድ ጥላሸት ራሱ ውሃ ሳቢ ስለሆነ አንድ ሌሊት እንኳ አይታገስም። የሌላው ወገን መነሻ የፈረንሳዩ ለበል ነው፤ በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ ይዞ ሠራዊት ውስጥ የገባ የመጀመሪያው ጠመንጃ። የሁለቱ ዕድሜ ልዩነት 12 ዓመት ቢሆንም፣ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ብረት የጭስ አልባ ባሩድን ግፊት አይችልም። ጥይቱ ልክ ገባ ማለት ልክ ነው ማለት አይደለም።

ወደ ዘይቱ መጠን ልመለስ። ጽሑፉ «በደንብ ቀቡት» ይላል። ለአንድ ጠመንጃ የውጭ ብረት አምስት ስድስት ጠብታ ይበቃል። ንጹሕ ጨርቅ ሲነካው ደብዛዛ አሻራ ከተወ ልኩ ነው፤ ከረጠበ በዝቷል። የበዛው ዘይት አይተንም፣ ይወርዳል። ጠመንጃው በሰደፉ ከቆመ ዘይቱ ወራት ፈጅቶ ወደ ታች ይንሸራተትና ከብረቱ ኋላ ያለው እንጨት፣ እጅ የሚጨብጠው ቀጭኑ አንገት፣ ይጠጣዋል። እንጨቱ ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል፤ ብሎኖቹ ቢጠብቁም አይዙም። በመጨረሻ ብረቱ በእያንዳንዱ ተኩስ ወደ ኋላ እየገፋ አንገቱን ይሰነጥቀዋል። ለዚህ ነው ዘይት የተቀባ ጠመንጃ አፈሙዙን ወደ ታች አድርጎ በወፍራም ሱፍ ወይም በጎማ ቁራጭ ላይ የሚቆመው። ባዶ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ማለቴ እንደሆነ ግልጽ ነው።

የምግብ ዘይት ለብረት አይሆንም፤ እያደር ይደርቅና ሙጫ ይሆናል። ለእንጨቱ ግን የተልባ ዘይት የታወቀ ነው፤ በመዳፍ ሙቀት በስሱ ታሽቶ፣ ትርፉ ተጠርጎ፣ አንድ ሁለት ቀን ይደርቃል። እዚህ ላይ ጽሑፋችሁ ሊያነሳው ይገባ የነበረ አንድ ነገር አለ፦ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ ማንም ሳይለኩሰው ሊነድ ይችላል። ዘይቱ ሲደርቅ ከአየር ኦክስጅን ይወስዳል፣ ሙቀትም ያወጣል፤ ጨርቁ ስለተጨማደደ ሙቀቱ መውጫ ያጣና እየጨመረ ይሄዳል። ጨርቁ ተዘርግቶ ውጭ ይድረቅ ወይም ውሃ ውስጥ ይዘፈቅ። ካዝና ውስጥ፣ ጥይት አጠገብ፣ እንዲህ ያለ ጨርቅ ጥሎ በር መዝጋት ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይገምተው።

ከመጋዘን የወጡ ወታደራዊ ጠመንጃዎች ደግሞ ኮስሞሊን በሚባል ወፍራም የነዳጅ ቅባት ተለብጠው ይመጣሉ። ብዙ ሰው የውጩን ጠርጎ የቦልቱን ሆድ ይተወዋል። ኤስኬኤስ ላይ ይህ አደገኛ ነው። ካፕሱሉን የሚመታው መርፌ በአብዛኞቹ ሞላ የለውም፤ ቦልቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ በነጻ ይንሸራተታል። የደረቀ ቅባት መርፌውን ወደ ፊት እንደወጣ ከያዘው፣ ቦልቱ ጥይት አጉርሶ ሲዘጋ ምላጭ ሳይነካ ይተኩሳል፤ አንዱ ሲተኩስ ቀጣዩም ሊከተል ይችላል። ፍተሻው ቀላል ነው። ቦልቱ ለብቻው ተነጥሎ ጆሮ አጠገብ ሲነቀነቅ መርፌው ጠቅ ጠቅ ማለት አለበት። ካልጮኸ ፈትቶ፣ በነጭ ጋዝ ዘፍዝፎ፣ ቀዳዳውን በጨርቅ አጽድቶ፣ አድርቆ መግጠም ነው። መርፌው ሲገጠም ዘይት አይፈልግም።

አሁን ወደ ጨርቁ። ጨርቅ፣ ስፖንጅ፣ የበግ ለምድ፣ ሁሉም እርጥበት ይይዛሉ፤ ይዘውም ከብረቱ ጋር ያስተኙታል። ቆዳ ከሁሉ ይከፋል። ቆዳ ሲለፋ የገባበት አሲድና ጨው ውስጡ ስለሚቀር፣ በቆዳ አፎት የተቀመጠ ሽጉጥ አፎቱ በነካው ቦታ ሁሉ ይዥጎረጎራል፤ በቆዳ ቀበቶ ላይ የተሰካ ጥይትም ናሱ አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር ያበቅላል። ማንገቻው ይውለቅ፣ አፎቱ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። መጠቅለል ግድ ከሆነ ዝገት የሚከላከል ትነት የተነከረ ወረቀት አለ፤ በሲሊኮን የታከመ የተሸመነ ከረጢትም ለአጭር ጊዜ ይሆናል። ካልሆነ ራቁቱን መቆሙ ይሻለዋል።

ዝገቱ ከተገኘ በኋላ የሚፈጸመው ጥፋት ከዝገቱ አይተናነስም። በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ የፋብሪካውን ጥቁር ልባስ ያነሳል፤ ያ ልባስ ራሱ ተቆጣጥረው ያዛጉት ብረት ነው፣ ከቀዩ ዝገት ይልቅ ብረቱን አጥብቆ የሚይዝ። ቀዩን ብቻ ለማንሳት ስስ ዘይት ቀብቶ አንድ ሁለት ቀን ማቆየት፣ ከዚያ ባለ አራት ዜሮውን፣ እጅግ ደቃቁን የብረት ሱፍ ከነዘይቱ በቀስታ ማሸት ነው። ቀዩ ዱቄት ዘይቱን ያጠቁረዋል፤ ይጠረጋል፣ ይደገማል። ዝገቱ የቆፈረው ጉድጓድ ይቀራል። ይቅር። ጉድጓድ ለማጥፋት ብረት የሚፍቅ ሰው ማህተሙንና ቁጥሩንም አብሮ ይፍቃል።

ዝገት የሚወደው ቦታ ደግሞ አይታይም፤ ከእንጨቱ ጠርዝ በታች ነው። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንጨቱ ተፈትቶ መታየት አለበት። ካቻቢቴው የብሎኑን ስንጥቅ ከዳር እስከ ዳር የሚሞላ ይሁን፤ ጫፉ እንደ ሽብልቅ የሚሾጥጥ ካቻቢቴ ብሎኑን ይገሸልጠዋል። የእንግሊዙ አጭር ሊ-ኤንፊልድ፣ ቁጥር 1 የሚባለው፣ የራሱ ወጥመድ አለው። የፊቱ እንጨት ሳይወርድ የሰደፉ ረጅም ብሎን መዞር የለበትም፤ የብሎኑ ጫፍ ባለ አራት ማዕዘን ሆኖ ፊተኛው እንጨት ውስጥ ባለች ትንሽ ብረት ስለሚያዝ፣ ሲዞር እንጨቱን ከኋላ ይሰነጥቀዋል። ስንጥቁ ከውጭ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ዒላማው ከተበላሸ በኋላ ነው የሚታወቀው።

ጽሑፉ «ቦታ ለመቆጠብ ቦልቶቹን አውጥታችሁ ባንድ ሳጥን አስቀምጡ» የሚል ምክርም አለው። ማውጣቱ ጥሩ ነው፤ ያለ ቦልት ጠመንጃ ለሌባም ለሕፃንም ዱላ ነው። ባንድ ሳጥን መደባለቁ ግን አይሆንም። ቦልቱ ሲዘጋ በፊቱና በጥይቱ ቂጥ መካከል የሚቀረው ክፍተት በመቶኛ ሚሊሜትር የሚለካ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጠመንጃ ፋብሪካው አስተካክሎታል። ሊ-ኤንፊልድ ቁጥር 4 ለዚሁ ሲባል ከ0 እስከ 3 የሚል ቁጥር የተጻፈባቸው አራት የቦልት ራሶች ነበሩት። የሌላ ጠመንጃ ቦልት ገብቶ ያለ ችግር ሊዘጋ ይችላል፤ ክፍተቱ ከበዛ ግን ሲተኮስ ቀለሁ ይበጠስና ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። ቦልቱ ላይ የተመታው ቁጥር ከጠመንጃው ቁጥር ጋር ይመሳከር፤ ካልገጠመ «ሂድ» እና «አትሂድ» በሚባሉት መለኪያዎች በባለሙያ ሳይለካ አይተኮስ።

እነሆ ካዝናው። የቋንቋችን ነገር ሆኖ ጥይት የሚደረደርበትም ካዝና፣ ጠመንጃ የሚቆለፍበትም ካዝና ነው፤ የማወራው ስለ ሁለተኛው ነው። ሻጭ መጀመሪያ የሚያሳየው በሩንና እንደ ክንድ የወፈሩትን መቆለፊያ ዘንጎች ነው። ሌባ ግን በሩን ምን አስነካው? ጎኑን በግራይንደር ይቆርጠዋል። የሚጠየቀው የጎኑ ላሜራ ውፍረት ነው፤ በቁጥር ሲነገር ቁጥሩ ባነሰ መጠን ላሜራው ይወፍራል፦ 14 ቁጥር 1.9 ሚሊሜትር፣ 12 ቁጥር 2.7፣ 10 ቁጥር 3.4 ያህል ነው። ዩኤል የተባለው የአሜሪካ መርማሪ ድርጅት የሚሰጠው የመኖሪያ ቤት ደረጃ፣ በመነሻው፣ አንድ ሰው በእጅ መሣሪያ 5 ደቂቃ ቢታገለው አይከፈትም ማለት ነው። አምስት ደቂቃ። ከዚያ በላይ ያለው ቲኤል-15 በባለሙያ መሣሪያ 15 ደቂቃ ይቋቋማል፤ እሱም የተፈተነው በሩና የፊቱ ገጽ ነው። ስለዚህ ጎኖቹ ወደ ግድግዳ ጥግ ይጠጉ።

መሬት ላይ መታሰሩ ከላሜራው ውፍረት ያላነሰ ያስፈልጋል። በጀርባው የተጋደመ ካዝና ላይ ሁለት ሰው በሙሉ ክብደቱ ዲጂኖ ይጫናል፤ ቆሞ የታሰረውን ግን እንዲህ ማድረግ አይቻልም። አራት ባለ 12 ሚሊሜትር ብሎን ኮንክሪት ውስጥ ይግባ። በሩ ከባድ ስለሆነ ያልታሰረ ካዝና በሩ ሲከፈት ወደ ፊት ሊወድቅም ይችላል፤ ባዶ ሲሆን ይብሳል። ኮንክሪቱ ራሱ ግን ውሃ ከመሬት ይስባል፤ ካዝናው ሁለት ሴንቲሜትር ያህል በወፍራም ፕላስቲክ ወይም በጎማ ከፍ ይበል፣ ብሎኑ በዚያ መሃል ይለፍ። ይህ ካልሆነ ወለሉ ከሥር በኩል ይበሰብሳል፤ ሌባ ሊቆርጠው የሚመኘውን ላሜራ ዝገት በነጻ ይቆርጥለታል።

እሳት መከላከያ የሚባለው ሽፋን ብዙውን ጊዜ ጀሶ ነው። ጀሶ እሳት የሚከላከለው በውሃ ነው። ከክብደቱ 21 በመቶ ያህሉ ከውስጡ የተዋሃደ ውሃ ነውና፣ በ100 ኪሎ ጀሶ ውስጥ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ውሃ አለ። ሙቀቱ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ውሃው እንፋሎት ሆኖ መውጣት ይጀምራል፤ ያ ሁሉ ውሃ እስኪተን ድረስ ውስጡ ብዙ አይግልም። የበሩ ዙሪያ ማሸጊያ ደግሞ በሙቀት አብጦ ክፍተቱን ይደፍናል። በዚህ ጊዜ ጠመንጃዎቹ የት ናቸው? በእንፋሎት ውስጥ። ከእሳት የተረፈ ካዝና ከቀዘቀዘ በኋላ በዚያው ቀን ካልተከፈተ፣ ጠመንጃዎቹም ወጥተው ካልደረቁና ዘይት ካልነካቸው፣ እሳቱ ያልወሰደውን ዝገት በሳምንት ውስጥ ይጨርሰዋል። ትኩስ ሳለ መክፈት ደግሞ አየር ያስገባና ውስጡ ሊቀጣጠል ይችላል።

ያልጎረሰ ጥይት በእሳት ሲፈነዳ ቀለሁ ይቀደዳል እንጂ እርሳሱ ብዙ ኃይል አይኖረውም። የጎረሰው ግን በርሜል ውስጥ ስለሆነ እንደ ማንኛውም ተኩስ ነው፤ እሳት አጥፊው ወዴት እንደሚቆም አያውቅም። ጎርሶ የሚቀመጥ ጠመንጃ አይኑር፣ ጥይቱም በሌላ የተቆለፈ ሳጥን ይሁን። በቁጥር የሚከፈት የኤሌክትሪክ ቁልፍ ያለው ሰው በዓመት አንዴ ባትሪውን በደህና አልካላይን ይለውጥ፤ ርካሽ ባትሪ ቁጥሩን እየተቀበለ በሩን ለመልቀቅ ኃይል ሲያጥረው ሰዎች ቁልፉ ተበላሸ ብለው ካዝናውን ያስሰብራሉ።

የካዝና ውስጥ አየር እርጥበት ከ40 እስከ 50 በመቶ ይሁን። ከ60 ሲያልፍ ዝገት ይፈጥናል፤ ከ30 ሲወርድ እንጨቱ ይሰነጠቃል። ይህን የሚናገር መለኪያ ትንሽ ነው፣ ግን ይዋሻል፤ መጀመሪያ ይፈተን። በጠርሙስ ክዳን ውስጥ የገበታ ጨው አድርጎ፣ እንደ እርጥብ አሸዋ እስኪሆን ጥቂት ጠብታ ውሃ ጠብ አድርጎ፣ ከመለኪያው ጋር አየር በማያስገባ ላስቲክ ውስጥ አንድ ሌሊት ማሳደር ነው። ጨው በታሸገ ቦታ አየሩን 75 በመቶ ላይ ያቆመዋል። መለኪያው 70 ካለ በ5 ይዋሻል፤ ቁጥሩን ጀርባው ላይ ጽፎ ሁልጊዜ መደመር ነው። ጨውን ካዝና ውስጥ ይዞ መግባት አያስፈልግም።

እርጥበቱን ለመቀነስ ሁለት መንገድ አለ። ሲሊካ ጄል ውሃውን ይይዛል፤ ብርቱካናማው ሲጠግብ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል፣ በ120 ዲግሪ ምድጃ ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይቶ ተመልሶ ይሠራል። ሌላው ከታች የሚቀመጥ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ዘንግ ነው፤ እሱ ውሃ አያስወግድም፣ አየሩን ጥቂት ዲግሪ አሙቆ ብረቱ እንዳያልበው ያደርጋል። ጄሉ በሩ ጥርቅም ብሎ እንዲዘጋ ይፈልጋል፣ ዘንጉ አየሩ እንዲንቀሳቀስ ይፈልጋል፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ይሻላል። መብራት የሚቆራረጥበት ሰው ጄሉን ይያዝ። ካዝናው ላይ «24 ጠመንጃ ይይዛል» ተብሎ ቢጻፍም 12 ይግባበት፤ ሲተፋፈጉ አየር አይዞርም፣ የአንዱ ቦልትም የሌላውን እንጨት ይቦጫጭራል።

በመኪና ስለ ማጓጓዝ ጽሑፋችሁ ሁለት መስመር ነው የሰጠው። ካዝናን በፒካፕ ማጓጓዝ ግን ሰው የሚሰብር ሥራ ነው። የ400 ኪሎ ካዝና በካሶኒው ላይ ቆሞ አይሄድም፤ በጀርባው ይጋደም፣ በሩ ወደ ሰማይ፣ ተቆልፎ። የመኪናው የጭነት አቅም ሰዎቹንም ይጨምራል። ክብደቱ ከኋላ አክስል ፊት ይሁን፤ ከአክስሉ ኋላ ካረፈ ባሌስትራው ይረግጥና የፊት ጎማዎች ይቀላሉ፣ መሪው ይከዳል። ፍሬን በድንገት ሲያዝ ጭነቱ የክብደቱን 80 በመቶ ያህል ወደ ፊት ይገፋል ተብሎ ነው የሚሰላው፤ ወደ ጎንና ወደ ኋላ 50 በመቶ። ስለዚህ ራሱ ከካሶኒው የፊት ግንብ ጋር ተደግፎ፣ አራት ማሰሪያ ከአራት ማዕዘን ይያዘው። ማሰሪያው ስለታም ጠርዝ ከነካ ካርቶን ወይም ቁራጭ ጎማ ይግባበት፤ ላሜራ የተወጠረ ማሰሪያ ይቆርጣል።

ድሮ ጠመንጃ የሚወድ ሰው ብዙ ጊዜ ድሮ መኪናም ይወዳል፤ ሁለቱም በጥቂት ቁልፍና ካቻቢቴ ይፈታሉ። ዝገታቸውም አንድ ዓይነት ነው። ከ1948 ጀምሮ የተሠራው ላንድሮቨር ሰውነቱ አሉሚኒየም ስለሆነ አይዝግም ይባላል። ሻንሲው ግን ብረት ነው፣ ያውም ከውስጥ ክፍት የሆነ ሳጥን። ጭቃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹን ሲደፍን ውሃው ውስጡ ይተኛል፤ የኋላው አግድም ብረት መጀመሪያ ይሄዳል። አሉሚኒየሙ ብረቱን በነካበት ቦታ ደግሞ፣ እርጥበት ሲገባ፣ አሉሚኒየሙ ራሱ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይበላል። ቀዳዳዎቹን በሽቦ መክፈት፣ ሻንሲውን በመዶሻ ጀርባ መታ መታ እያደረጉ ድምፁን ማዳመጥ፣ ከዚያ በረጅም ቱቦ ሰም ያለው መከላከያ ወደ ውስጥ መንፋት። ዝገት ለመሸፈን ስቱኮ የተለጠፈበት ቦታ ሲመታ እንደ ካርቶን ይጮሃል።

ከጽሑፉ ጋር የወጣው ፎቶ ጠመንጃው በፒካፑ ወንበር ዳር ተደግፎ ያሳያል። በፀሐይ የቆመ የተዘጋ ጋቢና ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ቅባቱ ቀልጦ ይወርዳል፣ እንጨቱ ይደርቃል። ንዝረቱ የእንጨቱን ብሎኖች ያላላል፤ የጀርመኑ ሞዜር ላይ ዋናዎቹን የሚይዙ ትንንሽ ብሎኖች የተጨመሩት ያለ ነገር አይደለም። ጠመንጃ ባዶውን፣ ቦልቱ ወጥቶ፣ በተቆለፈ ጠንካራ ሣጥን ይሂድ፤ ሣጥኑ በሽቦ ገመድ ከወንበሩ መሠረት ጋር ይታሰር፣ ጥይቱ ለብቻው። መኪና ውስጥ አይደር። ሌሊቱን 5 ዲግሪ ደርሶ ያደረ ብረት፣ 20 ዲግሪና 60 በመቶ እርጥበት ወዳለበት ክፍል ሲገባ ወዲያው ያልበዋል፤ የዚያ ክፍል ጤዛ የሚጀምረው በ12 ዲግሪ ነው። ሣጥኑ ሳይከፈት ሦስት አራት ሰዓት ይቆይና ብረቱ ሲሞቅ ይከፈት። ከዚያ ሣጥኑ ራሱ ክዳኑ ተከፍቶ ይድረቅ፤ ስፖንጁ ነው የሚረሳው።

አንድ እርማት ይቀረኛል። በፎቶው ሥር «ሞዜር» ተብሎ የተጻፈው ሞዜር አይደለም። ብዙ ሰው በቦልት የሚሠራውን ሁሉ ምንሽር እንደሚለው ሆኖ ይሆናል፤ ያ ስም እንኳ የኦስትሪያው ማንሊኸር ነበር። የሞዜር 98 ጥይት መያዣ ከእንጨቱ ጋር እኩል ሆኖ ከሥር አይወጣም። በፎቶው ላይ ያለው ከምላጩ ፊት ወደ ታች ሾልኮ ይታያል፤ የጣሊያኑ ካርካኖ ነው፣ የ1891 ዓይነት፣ ስድስት ጥይት ከነማቀፊያው የሚጎርስ። ከሥሩ ያለችው ቀዳዳ ባዶው ማቀፊያ የሚወድቅባት ናት። ካርካኖ መኪና ላይ ሲጫን አቧራና ውሃ የሚገቡት በእሷ በኩል ስለሆነ፣ ሣጥኑ ውስጥ ሲተኛ እዚያ ላይ ቁራጭ ወረቀት መለጠፍ፣ ሲደርስም ማንሳት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ